የሐኪሟ ጥያቄ

የወር አበባዬ ከቀረ 3 ወር ሲሆነው ዛሬ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እርግዝና አይደለም። ታይሮይዴም (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ደህና ነው። ሐኪሟ ውጤቱን አስቀመጠችና፣ "ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትነቂው?" አለችኝ። ደነገጥኩ። እንደምነቃ አልነገርኳትም ነበር! 9 ሰዓት ላይ ነው የምባንነው፤ ልቤ እየመታ፣ መንጋጋዬን ነክሼ፣ ጥፍሬ መዳፌ ላይ ተተክሎ።

ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ከኩላሊት በላይ ካሉ ትንንሽ ዕጢዎች ይመነጫል። ጠዋት ከፍ፣ ማታ ዝቅ ማለት አለበት። ጭንቀት ሲከርም ግን ይህ ሊዛባ ይችላል። አንጎልም እንቁላል ወደሚያመርቱት ዕጢዎች የሚልከውን መልእክት ይቀንሳል። በጭንቀት የተነሳ የወር አበባ የሚቀረው እንዲህ ነው።

ስንት ሴት ትሆን ይሄ ሁሉ እየሆነባት "ሥራ በዝቶብኝ ነው" እያለች የምታልፈው?