የካሜራ ዕቃ ጋሪ፣ ሦስተኛው ዙር፦ አክስሉን አትበይዱት

ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወስደውን ዳገትና የኮብልስቶን መንገድ ችሎ 60 ኪሎ የሚጭን ጋሪ ነው የተፈለገው። ትሪፖድ፣ የመብራት መቆሚያ፣ የአሸዋ ከረጢት፣ ባትሪ፣ የካሜራ ሳጥን፣ ሁሉም በአንድ ጉዞ።

የመጀመሪያውን ሥሪት የገደለው ጎማው ነው። 10 ሳ.ሜ. የሆነች ደረቅ ጎማ በድንጋዮቹ መሃል እየገባች ትቆማለች፤ ስትወጣም ንዝረቱን በሙሉ ለዕቃው ታስተላልፋለች። ስለዚህ የግንባታ የእጅ ጋሪ ጎማ፣ 40 ሳ.ሜ. የሆነው በአየር የሚነፋው፣ ሁለት ከነኩሽኔታው (ጎማው አክስሉ ላይ የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ያዙ። ጎሚስታው እንደ መኪና ጎማ 30 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ከሞላው ጋሪው ይዘላል። 15 ገደማ ይበቃል።

ለአካሉ አንድ ባለ 6 ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት)፣ 25 በ25 ሚ.ሜ.፣ የግድግዳው ውፍረት 1.5 ሚ.ሜ.። አቆራረጡ፦ 110 ሳ.ሜ. ሁለት፣ 44 ሳ.ሜ. አራት (አንዱ ለእጀታ)፣ 100 ሳ.ሜ. ለእጀታው ክንድ ሁለት። ድምሩ 596 ነው፤ የቀረችው 4 ሳ.ሜ. ግራይንደሩ የሚበላት ናት። ብየዳው በ2.5 ኤሌክትሮድ፣ ከ60 አምፒር ብዙም ሳያልፍ፤ ከዚያ በላይ ስስ ብረቱን ይበሳዋል። መጀመሪያ ማዕዘኖቹን በነጥብ ብቻ ያዙና ሰያፎቹን ከውጭ ማዕዘን እስከ ውጭ ማዕዘን ለኩ። ሁለቱም 120.4 ሳ.ሜ. ካልሆኑ ጋሪው ዕድሜውን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

አክስሉ 20 ሚ.ሜ. ድፍን ለስላሳ ብረት ነው፣ 75 ሳ.ሜ.። የግንባታ ቶንዲኖ አይሆንም፣ ጥርሱ ኩሽኔታ ውስጥ አይገባም። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ስትመርጡ ብረቱን ጠፍጣፋ ወለል ላይ አንከባሉት፤ እየዘለለ ከሄደ ጠማማ ነው፣ ተዉት።

ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ሥሪት ላይ አክስሉ ተበይዶ ነበር፤ የዕቃው ዓይነት በተቀየረ ቁጥር ሚዛኑ ይበላሻል። አሁን በሁለት ዩ-ቡሎን (እንደ U ፊደል የታጠፈ ቡሎን) ነው የታሰረው፤ ዳዶው ላላ ተደርጎ ወደፊትም ወደኋላም ይገፋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ እጀታው ከአክስሉ 1.5 ሜትር ቢርቅና የ60 ኪሎው ጭነት የክብደት ማዕከል ከአክስሉ 5 ሳ.ሜ. ወደ እጀታው ቢያደላ እጅ ላይ የሚያርፈው 2 ኪሎ ነው። 20 ሳ.ሜ. ካደላ 8 ኪሎ ይሆናል፤ ክንድ ይጨርሳል። ወደ ሌላኛው ወገን ካደላ ደግሞ ዳገት ላይ እጀታው ሽቅብ ይነሳል፣ ይሄ አደገኛ ነው። ጭነት ከፍ ብሎ ሲከመር ዳገት ላይ ክብደቱ ወደኋላ ስለሚሸሽ የአሸዋ ከረጢቱ ምንጊዜም ከታች፣ በእጀታው በኩል ይቀመጥ።

ወለሉ 12 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ ነው። ጠርዙን ዘይት ቀለም ቀቡት፣ አለዚያ የሐምሌ ዝናብ ያሳብጠዋል። በካሜራው ሳጥን ሥር 5 ሳ.ሜ. ስፖንጅ አንጥፉ፤ በመዳፍ ሲጫኑት እንጨቱ ከተሰማ ስስ ነው። ሌንሱ ከካሜራው ተነጥሎ ይጓዝ። ከደረሳችሁ በኋላ የትሪፖዱን ፕሌት (ካሜራው የሚታሰርበት ሳህን) ብሎን አጥብቁ፣ ኮብልስቶን ይፈታዋል። ለማሰሪያ ከገመድ ይልቅ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቺንጋ ይሻላል፣ እየተለጠጠ ስለሚይዝ አይላላም። ጎማውን የሚያቆም ሁለት የእንጨት ታኮ በሲባጎ ታስሮ ከጋሪው አይለይ።

ገና ያልተስተካከለው እጀታው ነው። መኪና ውስጥ እንዲገባ በ10 ሚ.ሜ. ቡሎን ተገጥሟል፣ ግን ቡሎኑ ሲጠብቅ ቱቦላሬው ይጨፈለቃል፣ ሲላላ ደግሞ ቀዳዳው ይሰፋል። በሚቀጥለው ዙር ቀዳዳው ውስጥ 25 ሚ.ሜ. ርዝመት ያላት ትንሽ ቱቦ ገብታ ትበየዳለች፣ ቡሎኑም በእሷ ውስጥ ያልፋል።