ቦታውን ያገኘሁት እኔ፣ ያልደረስኩበትም እኔ

አማቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ በመስታወት የተሸፈነ አሮጌ ዳንቴል ተሰቅሏል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን «እኛ አገር ይሄ የቴሌቪዥን ልብስ ነው» ብዬ ባለቤቴን አሳቅኩት። አማቴ ግን አልሳቁም። ዳንቴሉ የቅድመ አያታቸው የዲሊያ የእጅ ሥራ ነው። ዲሊያ እ.ኤ.አ. በ1881 (ከዚህ በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) በ19 ዓመቷ ከአየርላንድ ተነስታ ፔንሲልቬንያ ገባች።

አማቴ 75 ሲሞላቸው «ሳልሞት አገሯን ልየው» አሉ። ጣጣው እኔ ላይ ወደቀ። ቤተሰቡ ውስጥ ወረቀት የማልፈራ እኔ ብቻ ነኝ። ግሪን ካርድ ለማግኘት አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው ምን ወረቀት ይፈራል?

ያኔ አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ፦ ደሴቷ አንድ ናት፣ በላይዋ ግን ሁለት አገር አለ፤ አየርላንድና በእንግሊዝ ሥር ያለችው ሰሜን አየርላንድ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሁለቱም ለየብቻ ቪዛ ያስፈልገዋል። ይህችን የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ፍለጋውን ቶሎ ልለፈው፣ ምንም እንኳ የምኮራበት እሱ ቢሆንም። ቤተሰቡ «ስሟን ኤሊስ ደሴት ላይ ቀየሩባት» ይላል። ኒው ዮርክ የነበረው የስደተኞች መቀበያ፣ ኤሊስ ደሴት፣ የተከፈተው በ1892 ነው። እሷ የገባችው ከዚያ 11 ዓመት ቀድማ ነው። ማንም አልቀየረባትም፤ የክርስትና ስሟ ብሪጅድ ነው፣ አሜሪካ የገቡ ብዙ ብሪጅዶች ራሳቸውን ዲሊያ ይሉ ነበር። በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ደግሞ በላቲን «ብሪጊዳ» ተብላ ነው የምትጻፈው። ባለቤቴ የዲኤንኤ ምርመራ ገዝቶ «አየርላንዳዊ ነህ» የሚል ውጤት መጣለት። ይህንንማ ግድግዳው ላይ ያለው ዳንቴልም ይናገራል። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

የአየርላንድ ዋናው መዝገብ ቤት በ1922 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ደብሊን ውስጥ ተቃጥሏል። ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር አመድ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የመጡትን አራት ቆጠራዎች መንግሥት ራሱ አጠፋቸው። ሙሉው የተረፈው የ1901 እና የ1911 ብቻ ነው፤ ሁለቱም በነጻ ኢንተርኔት ላይ አሉ። የካቶሊኮች ልደት በመንግሥት መዝገብ መጻፍ የጀመረው በ1864 ነው። ዲሊያ የተወለደችው በ1862። በሁለት ዓመት አመለጠችኝ። የቀረው የክርስትና መዝገብ ነው። እሱንም የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ2015 ጀምሮ በነጻ ለቆታል።

የሞት ማስታወቂያዋ ላይ «የክሎንስ ተወላጅ» ይላል። ክሎንስ ሞናሃን ካውንቲ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የክሎንስን አጥቢያ መዝገብ ከፈትኩ። በተወለደችበት ዓመት ሁለት ብሪጊዳዎች አሉ። የአባታቸው ስም አንድ፣ የቤተሰብ ስማቸውም አንድ። መመሪያዎቹ ሁሉ «የእናትን የቤተሰብ ስም ተመልከቱ» ይላሉ። ዲሊያ አሜሪካ ስትሞት የሞት ወረቀቷን የሞላላት ሰው በእናቷ ስም ቦታ «አይታወቅም» ብሎ ጽፎ ጨርሷል። ይህን ሰው እስከ ዛሬ አልማርኩትም።

ስለዚህ መመሪያውን ትቼ የክርስትና እናቶቹን አየሁ። እኛ አገር የክርስትና እናት ከመንገድ ላይ አትለቀምም። ወይ ዘመድ ናት ወይ የቅርብ ጎረቤት። የአንደኛዋ ብሪጊዳ የክርስትና እናት ብዙም የማይገኝ የቤተሰብ ስም ነበራት። ያ ስም ፔንሲልቬንያ ውስጥ የዲሊያ የጋብቻ መዝገብ ላይ በምስክርነት ተጽፏል! ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ብቻዬን እልል አልኩ። ከዚያ በ1847 እና በ1864 መካከል የወጣውን የመሬት ግምት መዝገብ ፈለግሁ። የዲሊያ አባትና የክርስትና እናቷ ባል በአንድ ጎጥ ውስጥ ኩታ ገጠም መሬት ይዘዋል። በ1901 ቆጠራ ወንድሟ እዚያው ነው። የጎጡን ስም አልጽፍም፤ ሰዎቹ ዛሬም አሉ።

ሁሉም ወረቀት ላይ «ፈርማና ካውንቲ፣ አየርላንድ» ይላል። አየሁት። አነበብኩት። በደብተሬም ጻፍኩት። አላሰብኩበትም። ለእኔ ሰሜን አየርላንድ ማለት ቤልፋስት ነው። ወረቀቶቹ ሁሉ የተጻፉት ደሴቷ በ1921 ከመከፈሏ በፊት መሆኑ፣ ዛሬ ፈርማና በእንግሊዝ በኩል መዋሏ ጭራሽ አልመጣልኝም። ክሎንስ ደግሞ የከተማ ስም ብቻ አይደለም፤ የአጥቢያም ስም ነው። ድንበሩ አጥቢያውን ለሁለት ሰንጥቆት ያልፋል። ከመንዝ ገጠር የመጣ ሰው «የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ» እንደሚለው ነው፤ ስደተኛ የሚናገረው ሰው የሚያውቀውን ስም ነው።

የአየርላንድ ቪዛ ፎርሙን በኢንተርኔት ሞላሁ፣ አተምኩ፣ ከፓስፖርቴ ጋር በፖስታ ላክሁ። ፎርሙ ሲንግል (አንድ ጊዜ ብቻ መግቢያ) ነው መልቲፕል (ደጋግሞ መግቢያ) ይላል። ሲንግል 60 ዩሮ፣ መልቲፕል 100። ትኬት የሚቆርጥልኝን ወኪል ጠየቅሁት። «አየርላንድን ከያዝሽ ደሴቷን ይዘሻል» አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። ሲንግል አልኩ። 40 ዩሮ አተረፍኩ። ቪዛው መጣ።

ሐምሌ 2023። ባለቤቴ፣ አማቴ፣ የስድስት ዓመት ልጃችንና እኔ። ደብሊን ሁለት ቀን፣ ከዚያ መኪና ተከራይተን ካቫን አደርን። በማግሥቱ ጠዋት ወደ ክሎንስ። መንገዱ ላይ ስልኬ «ወደ እንግሊዝ እንኳን በደህና መጡ» የሚል መልእክት ላከ። ትንሽ ቆይቶ «ወደ አየርላንድ»። ከዚያ እንደገና እንግሊዝ። ከዚያ አየርላንድ። «ስልክሽ ሰክሯል» አለ ባለቤቴ። ሳቅን። በኋላ ነው ያወቅሁት፤ ከካቫን ክሎንስ የሚወስደው ያ መንገድ ድንበሩን አራት ጊዜ ያቋርጣል። ኬላ የለም፣ ባንዲራ የለም። የፍጥነት ምልክቱ ከኪሎሜትር ወደ ማይል ይቀየራል፣ የመንገዱ ዳር ቢጫ መስመር ነጭ ይሆናል፤ በቃ።

ክሎንስ ደርሰን ሻይ ቤት ገባን። አሳላፊዋን የጎጡን ስም ጠርቼ መንገድ ጠየቅኳት። «እሱ እኮ ከድንበሩ ማዶ ነው። አሥር ደቂቃ ነው» አለችኝ። ሻዬን አስቀመጥኩ። ስልኬ አልሰከረም ነበር። በሲንግል ቪዛ ሁለት ጊዜ ከአገር ወጥቼ ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ። የእንግሊዝ ቪዛ ደግሞ ጨርሶ የለኝም።

«ማን ያይሻል?» አሉ አማቴ። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አያይም። አንዳንዴ አውቶቡስ ላይ ፖሊስ ወጥቶ ፓስፖርት ይጠይቃል እንጂ ገጠር መንገድ ላይ የሚቆም የለም። ባለቤቴም «አሥር ደቂቃ እኮ ነው» አለ። በአሜሪካ ፓስፖርት የኖረ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። እኔ ግን የዜግነት ቃለ መጠይቄ አምስት ወር ቀርቶታል። የት የት ሄድሽ ብለው ይጠይቃሉ። ሳላውቅ መሻገር አንድ ነገር ነው። አውቄ ብሻገርስ? አሥራ አንድ ዓመት ለአሥር ደቂቃ አላስይዝም አልኩ። ደብተሬን ለባለቤቴ ሰጠሁት። ሄዱ።

አደባባዩ ላይ አንድ ጥንታዊ የድንጋይ መስቀል አለ። አዳምና ሔዋን ተቀርጸውበታል፣ ዳንኤል በአንበሶቹ ጉድጓድ አለ። እሱ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። በማን እንደተናደድኩ ራሴም አላውቅም። በወኪሉ፣ ደሴቲቱን በአንድ ቀለም በሚስለው የቱሪስት ካርታ፣ በ40 ዩሮዬ። አብዛኛው ግን በራሴ ነው። የሞተ ሰው ከላቲን መዝገብ የፈለቀቅኩ ሴት ካርታ ላይ ያለ መስመር አላየሁም!

ባለቤቴ በቪዲዮ ደወለ። ኔትወርኩ ተቆረጠ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲመለሱ ከኋላቸው ሌላ መኪና ነበር። አንድ ሰማንያ ያለፋቸው ሽማግሌ ወረዱ። የዲሊያ ወንድም የልጅ ልጅ ናቸው። ዕቃ የሚገዙት ሁልጊዜም ክሎንስ ስለሆነ፣ ያቺን ሴት ልያት ብለው መጡ።

የአያታቸውን የ1901 ቆጠራ ነገርኳቸው፤ ስንት ልጅ፣ ማን ማን ማንበብ ይችል እንደነበር። አንዱን ስም አረሙኝ። ከዚያ የእኔን ነገር ሰምተው ሳቁ። በሰባዎቹ የእንግሊዝ ጦር ትንንሾቹን የድንበር መንገዶች በፈንጂ ይቆፍር ነበር፣ የመንደሩ ሰው በትራክተር አፈር እያመጣ ይሞላ ነበር። «እኔ ይህን መንገድ ለመሻገር ማንንም አስፈቅጄ አላውቅም» አሉኝ። እርስዎ ጎረቤት ነዎት አልኳቸው።

ኢትዮጵያዊት ነኝ ስል በዐቢይ ጾም ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ይዘውት ይመጡ ስለነበረው የካርቶን ሙዳየ ምጽዋት ነገሩኝ። ፈረንጅ የሰባ ሰባትን ረሃብ (ይህቺ እንኳ በእኛ አቆጣጠር ናት) ሲያነሳብኝ ብዙ ጊዜ ወሬ እቀይራለሁ። እሳቸው ግን ቀጥለው የራሳቸውን ረሃብ አወሩ። የክሎንስ ዳንቴል የተጀመረው በ1847፣ ድንቹ በበሰበሰበት ዘመን ነው። የአንግሊካን ቄስ ሚስት ካሳንድራ ሃንድ ሴቶቹ ምግብ የሚገዙበት እንዲያገኙ ብላ አስጀመረችው። አማቴ ይህን የሰሙት ገና ያኔ ነው። ለሃምሳ ዓመት ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉት ነገር የረሃብ ሥራ መሆኑን አላወቁም።

እንግዲህ እንደኔ ያለ ፓስፖርት ይዛችሁ ከአየርላንዳዊ ዘር ጋር ለተጋባችሁ፦ መጀመሪያ የእንግሊዝን ቪዛ አውጡ፤ የጎብኚው ብዙውን ጊዜ ለስድስት ወር ደጋግሞ ያስገባል። ከዚያ የአየርላንድን፣ መልቲፕል። ፓስፖርታችሁ አንድ ስለሆነ ሁለቱን አብራችሁ ማስኬድ ሊያስቸግራችሁ ይችላል፤ ጊዜ ያዙ። ሰሜን አልሄድም ብትሉም መልቲፕል ውሰዱ፣ መንገዱ ራሱ ይወስዳችኋል። አሜሪካዊ ባሎቻችሁም ከጥር 2025 ጀምሮ ሰሜኑን ለመርገጥ በስልክ የሚሞላ ፈቃድ ይጠየቃሉ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ተናደደ። ደስ አለኝ።

እኔ ዜግነቱን አግኝቻለሁ፣ ለሰኔም ትኬት ቆርጫለሁ። ባለቤቴ ያኔ ከማዶ የቀረጸልኝ 14 ደቂቃ ቪዲዮ አለ። የፈረሰው ቤት ጀርባ ላይ አንድ የድንጋይ ጉድጓድ ይታያል፣ ካሜራው ወደ ውስጥ ሊያይ ዘንበል ይላል፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው የባለቤቴ ጫማ ነው።