ግጥሙ ይታያል፣ ፍለጋው ግን አያገኘውም፦ ከአማርኛ ፍላሽ ማኅደሬ

በዚህ ሳምንት ዳታቤዜ ውስጥ «አደይ» ብዬ ጽፌ ፍለጋውን ስጫን፣ ቃሉ ያለባቸው የእንቁጣጣሽ ካርዶች ከነስንኞቻቸው ተደርድረው ወጡ። ለሌላው ሰው ይህ ተራ ነገር ነው። አሮጌ የፍላሽ ፋይል (ፍላሽ በድረ ገጽ ላይ የሚንቀሳቀስ ሥዕልና ጽሑፍ ይሠራበት የነበረ ፕሮግራም ነው) ከፍታችሁ ውስጡን ለማንበብ የሞከራችሁ ግን ደስታዬ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል።

የምሰበስበው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ በፍላሽ የተሠሩ የአማርኛ ሥራዎችን ነው፦ የመልካም ምኞት ካርዶች፣ ስንኞቻቸው አንድ በአንድ እየተንሳፈፉ የሚገቡ ግጥሞች፣ የልጆች ፊደል ማስቆጠሪያዎች። ከፊሉ ከሲዲ፣ ከፊሉ ውጭ አገር ካሉ ወዳጆች አሮጌ ኮምፒውተር፣ ከፊሉ የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ካተረፋቸው የተዘጉ ድረ ገጾች የመጣ ነው። አዶቤ ለፍላሽ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አቁሞ፣ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ጀምሮ ማጫወቻው ራሱ ይዘት ማሳየቱን እንዲተው አደረገ። ስለ ማጫወት ብዙ አልልም። ራፍል የተባለውን ነጻ ማጫወቻ መጫን ቀላል ነው፤ ኢንተርኔት አርካይቭም የፍላሽ ስብስቡን የሚያሳየው በእሱ ነው።

የዳታቤዙን አሠራር ከሁለት ቦታ ቀዳሁ። በኖርዌይ በበርገን ዩኒቨርሲቲ ያለው የኤልምሲፕ የኤሌክትሮኒክ ሥነ ጽሑፍ ቋት ሥራውን ለብቻ፣ ስለ ሥራው የተጻፈውን ሒስ ለብቻ መዝግቦ ያገናኛቸዋል። በኒው ዮርክ ያለው የዲጂታል ጥበብ ድርጅት ራይዞም እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ማኅደር፣ አርትቤዝ፣ ደግሞ አንድ ሥራ ብዙ እትሞች ሊኖሩት እንደሚችል አውቆ እያንዳንዱን ለየብቻ ይመዘግባል። እኔም ኤስኪውላይት በተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራም አራት ሰንጠረዦች ሠራሁ፦ ሥራ፣ እትም፣ ፋይል፣ ፎንት። አራተኛውን ያመጣብኝ የራሳችን ጣጣ ነው፤ አብዛኛው ጊዜዬም ያለቀው እዚያ ላይ ነው።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተር ላይ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት ውስጥ) የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ ሲጻፍ የኖረው ለላቲን ፊደል በተመደቡት ቁጥሮች ላይ የግዕዝ ቅርጽ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለው ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ አለው፤ ከዚያም የተወሰነው ለሌላ ተግባር የተያዘ ነው። 33ቱ ሆሄያት በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ ፋይሎች ከፋፈለው፤ ሌላው ግዕዙን አስቀምጦ ካዕብና ሣልሱን በተቀጥላ ምልክት ገጣጠመው። የጋራ ሥርዓት ስላልነበረ በአንዱ «ለ» የሆነው ቁጥር በሌላው «ጨ» ሊሆን ይችላል።

ፍላሽ ውስጥ ሲገባ ነገሩ ሦስት መልክ አለው። ደጉ፣ ሠሪው ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ ያካተተበት ነው። ግጥሙ ራፍል ላይ እንደ ጥንቱ ይታያል፤ ጽሑፉን ቀድታችሁ ስታወጡት ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ይሆናል። ክፉው ፎንቱ ያልተካተተበት ነው፤ ይህ የሚነበበው ፎንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ለእነዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስመስለው በቨርቹዋልቦክስ አሮጌውን ዊንዶውስ ኤክስፒ ጭኜ፣ ፎንቱን አስገብቼ፣ ያለ ድረ ገጽ ማሰሻ በሚሠራው የፍላሽ ማጫወቻ እከፍታቸዋለሁ። ሦስተኛው ሠሪው ጽሑፉን ወደ ሥዕል መስመር የበተነበት ነው። ተመልካቹ ምን ፎንት አለው ብሎ ላለመጨነቅ ያደረገው ስለሆነ አልፈርድበትም፤ ውስጡ ግን ፊደል የሚባል ነገር የለም። እያዩ እንደገና መጻፍ ነው።

ለመጀመሪያው ዓይነት መድኃኒቱ ጄፔክስ የተባለው ነጻ የፍላሽ መፍቻ ነው፤ ስለ እሱ ቀኑን ሙሉ ባወራ አይሰለቸኝም። የተካተተውን ፎንት ከፍቶ እያንዳንዱን ቅርጽ ከነቁጥሩ ያሳያል። ቅርጹን እያየሁ ይህ ቁጥር «ሸ»፣ ያኛው «ኘ» እያልኩ ሰንጠረዥ እሠራለሁ። ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ሥራው ላይ የዋሉትን ቅርጾች ብቻ ስለሆነ የአንድ ፎንት ሰንጠረዥ የሚሞላው ከብዙ ካርዶች እየተለቃቀመ ነው። አንድ ነገር አደራ፦ ጽሑፉን ስታወጡ የፎንቱን መለያ አብራችሁ አውጡ። ፊደሉ በበርካታ ፋይሎች በተከፋፈለበት ፎንት በአንድ ቃል መካከል ሳይቀር ፋይሉ ይቀየራል፤ መለያው ከጠፋ የቃሉ ግማሽ ሌላ ነገር ይሆናል።

በሰንጠረዡ ወደ ዩኒኮድ የተቀየረው ጽሑፍ ሁልጊዜ በሌላ ፋይል ይቀመጣል፤ ዋናው አይነካም። አራት ነጥቡን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመታ የጻፈ ሰው እንደጻፈው ይቀመጥለታል፤ «ጸሀይ» ያለውም «ፀሐይ» አይደረግበትም። ለፍለጋው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን አንድ የሚያደርግ የተለየ ዓምድ አለ። የሰው ግጥም ውስጥ ገብቶ ፊደል የሚያርም ማኅደረኛ ከእሳት አይሻልም፤ በዚህ አልደራደርም።

ሁሉንም ወደ ፒዲኤፍ ቀይረው የሚገላገሉትንም አልቀበላቸውም። የእነዚህ ግጥሞች ስንኝ በሰዓቱ ነው የሚመጣው፤ በድሮው ፍላሽ የተለመደው ፍጥነት በሰከንድ 12 ፍሬም (ሥዕል) ነበር፤ ቤት መድፊያው ላይ ያለው ዝምታ የሚለካውም በዚያ ነው። ፒዲኤፉ ያንን አያስቀርም። በቪዲዮ መቅረጽ ይሻላል፣ ግን የሚጫነው ቁልፍ ይሞትበታል።

እውነቱን ለመናገር የፎንት ሰንጠረዤ ያማረው ስለምወደው ነው። የሥራዎቹ መግለጫ ዓምድ አብዛኛው ባዶ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ለማን ሠራው የሚለውን መጠየቅ ስልክ መደወል ስለሚፈልግ እሸሸዋለሁ። ስለዚህ በመግለጫ አጻጻፍ ከእኔ ምክር አትጠብቁ። ሠሪው ያልተገኘለትን ሥራ መዝገቡን ብቻ አሳያለሁ፤ ፋይሉን አላወጣም።

አሁን የጎደለኝ ፎንት ነው። የድሮ የአማርኛ መጻፊያ መጫኛ ሲዲ ወይም ፍሎፒ ቤታችሁ ካለ፣ የፎንቶቹን የፋይል ስምና ቀን ጻፉልኝ። በተለይ ፊደሉን በተቀጥላ ምልክት የሚገጣጥሙትን እፈልጋለሁ፤ በእነሱ የተሠሩ ካርዶች አሁንም ሳይነበቡ ተቀምጠዋል።