አንድ ላይብረሪ፣ ሁለት ስም

አዲሱን ቨርዥን ሰርቨሩ ላይ እንዳወጣነው ሎጉ በኤረር ተጥለቀለቀ። «ኖ ሰች ሜተድ ኤረር» ይላል። ሰርቭሌት በሚባለው የጃቫ ዌብ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚወሰድ ኮድ) ውስጥ ያለው ኤችቲቲፒ ሰርቭሌት ሪስፖንስ ላይ «ጌት ስታተስ» የሚባል ሜተድ አጣሁ ነው የሚለው። ኮዱ ያለችግር ኮምፓይል ሆኗል። ቴስቱ በሙሉ አልፏል። የሁላችንም ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ሰርቨሩ ብቻ እምቢ አለ።

ጃቫ ላይ የሠራ ሰው ይሄ ኤረር ምን እንደሚል ያውቃል። ኮዱ ኮምፓይል ሲደረግ የነበረው ላይብረሪና ፕሮግራሙ ሲነሳ ያገኘው ላይብረሪ አይገናኙም ማለት ነው። ጌት ስታተስ የመጣው ሰርቭሌት 3.0 ላይ ነው። ስለዚህ የሆነ ቦታ አሮጌው 2.5 ተሸሽጓል። ግን በየት በኩል ገባ?

መጀመሪያ የሄድነው ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች ወደሚያመጣልን መሣሪያ፣ ወደ ሜቨን ነው። አንድ ላይብረሪ በተለያየ ቨርዥን ሲመጣበት ሜቨን በዲፔንደንሲ ትሪው (የትኛው ላይብረሪ የትኛውን ይዞ እንደሚመጣ በሚያሳየው ዛፍ) ላይ ለፕሮጀክቱ የሚቀርበውን ይወስዳል። ርቀታቸው እኩል ከሆነ ቀድሞ የተጻፈው ያሸንፋል። የትኛው አዲስ ነው ብሎ አይጠይቅም። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ግሬድል ደግሞ ካልከለከሉት በስተቀር ከፍ ያለውን ቨርዥን ነው የሚመርጠው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወር ሰው ይቺን ልብ ቢል ከብዙ ልፋት ይድናል። ለማንኛውም ትሪውን አውጥተን መስመር በመስመር አየነው። አንድም የቨርዥን ግጭት የለም።

ነገሩን የፈታችው በቅርቡ የተቀላቀለችን ልጅ ናት። ሜቨንን ትታ ጃቫን ራሱን ጠየቀችው። ፕሮግራሙን «ቨርቦስ ክላስ» በሚባለው ኦፕሽን አስነሳችው። ይሄ ኦፕሽን እያንዳንዱ ክላስ (የጃቫ ኮድ የሚከፋፈልበት አሃድ) ከየትኛው ፋይል እንደተጫነ ይጽፋል። የሚወጣው ጽሑፍ ማለቂያ የለውም። እሷ ግን የምትፈልገውን ክላስ ስም ብቻ ፈለገች፣ አንድ መስመር ወጣ። መጨረሻው ላይ «ሰርቭሌት ኤፒአይ 2.5» የሚል ጃር (የጃቫ ላይብረሪ የሚታሸግበት ፋይል) አለ።

«ና እስቲ እየው፣ ሊብ ፎልደሩ ውስጥ ሁለቱም አሉ» አለችኝ።

እውነትም ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ግሩፕ አይዲያቸው (የአሳታሚው መለያ) አንድ ነው፣ ጃቫክስ ሰርቭሌት። አርቲፋክት አይዲያቸው (የላይብረሪው የራሱ መለያ ስም) ግን ይለያያል። እስከ 2.5 ድረስ «ሰርቭሌት ኤፒአይ» ይባል የነበረው ከ3.0 ጀምሮ «ጃቫክስ ሰርቭሌት ኤፒአይ» ሆኗል። ውስጥ ያሉት ክላሶች ስም ግን ያው ነው። ሜቨን ደግሞ ጃሩን ከፍቶ አያይም። አንድን ላይብረሪ ከሌላው የሚለየው በዋናነት በግሩፕ አይዲና በአርቲፋክት አይዲ ነው። ስሙን ቀይሮ እንደ አዲስ የተመዘገበ ሰው መዝገብ ላይ ሁለት ሰው ይሆናል፤ ይሄም እንደዚያው ነው። ለሜቨን ሁለት የማይተዋወቁ ላይብረሪዎች ስለሆኑ የሚመርጠው ነገር የለም፣ ሁለቱንም ያመጣል። አሮጌው የገባው አንድ የቆየ የሪፖርት ላይብረሪ ይዞት መጥቶ ነው። ትሪው ላይም ከመጀመሪያው ነበር። ዓይናችን የቨርዥን ግጭት ስለሚፈልግ አለፈው።

እኔን በጣም ያሳሰበኝ ግን ላፕቶፕ ላይ ለምን ሠራ የሚለው ነው። የማስነሻ ስክሪፕታችን ክላስፓዙን (ጃቫ ክላሶችን የሚፈልግባቸውን ቦታዎች ዝርዝር) የሚሰጠው «ሊብ ውስጥ ያለው ሁሉ» በሚል የኮከብ ምልክት ነው። በዚህ መንገድ ሲሰጠው ጃቫ ጃሮቹን በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚያነብ ዋስትና አይሰጥም። ከማሽን ማሽን፣ እዚያው ማሽን ላይ እንኳ ከጊዜ ጊዜ ሊለያይ እንደሚችል የራሱ ሰነድ በግልጽ ይናገራል። ክላሱን ደግሞ መጀመሪያ ካገኘበት ጃር ይጭናል። እኛ ጋ አዲሱ ቀደመ፣ ሰርቨሩ ላይ አሮጌው። በአጋጣሚ እዚያም አዲሱ ቢቀድም ኖሮ ችግሩ ተደብቆ ሌላ ቀን፣ ማንም ኮድ ባልነካበት ሰዓት ይፈነዳ ነበር።

ማስተካከያው አጭር ነው። የሪፖርት ላይብረሪው ላይ ኤክስክሉዥን ጻፍንና አሮጌው እንዳይመጣ አደረግን። ሊብ ፎልደሩንም አጽድተን እንደገና ሞላነው። ይሄ ብቻውን ግን አላረካኝም። ነገ ሌላ ላይብረሪ ስሙን ቀይሮ ቢመጣስ? ስለዚህ ኢንፎርሰር የሚባለውን የሜቨን ፕለጊን ከተጨማሪ ሩሎቹ ጋር አስገባን። ከሩሎቹ አንዱ ሁለት ጃሮች ውስጥ አንድ ዓይነት ክላስ ሲያገኝ ቢልዱን (ፕሮግራሙን የመገንባት ሂደቱን) ያቆማል።

ገና መጀመሪያ ስናስኬደው ቢልዱ ቆመ። ኮመንስ ሎጊንግና ጄሲኤል ኦቨር ኤስኤልኤፍ4ጄ የሚባሉ ሁለት የሎግ ላይብረሪዎች አብረው ተገኙ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንዲተካ ታስቦ በእነዚያው የክላስ ስሞች የተሠራ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ መኖር አልነበረባቸውም። ቀጣዩ ኤክስክሉዥን ለኮመንስ ሎጊንግ ሆነ።