ተዋናይ መሆን የማይፈልጉ ተጫዋቾች

የሚና ጨዋታ፣ ማለትም እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ታሪክ በጋራ የሚፈጠርበትን የጠረጴዛ ጨዋታ፣ ስመራ በጠረጴዛው ዙሪያ መስማት የማልወደው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «እንዲህ ሳይሆን እንደ ገጸ ባሕርይሽ ሆነሽ ተናገሪ»። ዛሬ ማታ ከነባሮቹ አንዱ ይህንኑ ለአዲሷ ተጫዋች ነገራት። ክፋት አልነበረውም። ድምፁን እየለዋወጠ፣ እጁን እያወናጨፈ መጫወት ይወዳል፤ የሚወደውን ነገር ሊያካፍላት ፈልጎ ነው። እሷ ግን ዳይሱን በእጇ እንደያዘች ዝም አለች። የምታደርገው ጠፍቷት እንኳ አልነበረም። ቀደም ብላ «የበር ጠባቂዎቹን አለቃ እንዲያሳልፈን እጠይቀዋለሁ፤ ወንድሙን ከወንበዴዎቹ ያዳንነው እኛ መሆናችንንም አስታውሰዋለሁ» ብላን ነበር። ከማን ምን እንደምትፈልግና በምን እንደምትይዘው ተናግራለች። እንደ ጨዋታ መሪ የጎደለኝ ነገር አልነበረም። «ይበቃል፣ ዳይሱን ጣይ» አልኳትና ጨዋታው ቀጠለ፤ ነገሩ ግን ከሐሳቤ አልወጣም።

ይህን ጨዋታ ከቲያትር ጋር ያምታታነው መቼ ይሆን? ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን የሚና ጨዋታ ሲያወጡ መነሻቸው በትንንሽ የወታደር ምስሎች የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ነበር። መሪው ያለውን ሁኔታ ይናገራል፤ «ምን ታደርጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተጫዋቹ ይመልሳል። እስከ ዛሬም የጨዋታው ልብ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአምስተኛው እትም የተጫዋቾች መመሪያ ሁለት መንገዶችን ያስቀምጣል፤ አንዱ ገጸ ባሕርይው የሚያደርገውንና የሚናገረውን መተረክ፣ ሌላው በራሱ በገጸ ባሕርይው አንደበት መናገር። አብዛኛው ሰው ሁለቱን እንደሚቀላቅል ይናገርና የሚስማማችሁን ያዙ ይላል። ትረካን ጀማሪዎች የሚያልፉበት ደረጃ ነው አይልም።

ይሁንና ባለሙያ የድምፅ ተዋናዮች ጨዋታቸውን በኢንተርኔት በቀጥታ ማስተላለፍ ከጀመሩ ወዲህ (እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረውን ክሪቲካል ሮልን ማለቴ ነው) ብዙ ሰው ወደ ጠረጴዛው የሚመጣው ያንን አይቶ ነው። እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን እዚያ የሚታየው ችሎታ የሰዎቹ የዕለት ሥራ ነው። አዲስ ተጫዋች ግን የመግቢያ ፈተና ይመስላታል።

በገጸ ባሕርይ አፍ መናገር የሚከብዳቸው ሁሉ ዓይን አፋሮች አይደሉም። የሚንተባተብ አለ። ጨዋታው የሚካሄደው በሁለተኛ ቋንቋው የሆነበት አለ። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሲነጋገር ውሎ አንደበቱ የዛለ አለ። ንግሥቲቱ ፊት ስትቀርብ «አንቺ» ልበላት ወይስ «እርስዎ» እያለች ሐሳቧ የሚበተንባት አለች። ታሪኩን እንደ ደራሲ ከላይ ሆና የምታይም አለች፤ ገጸ ባሕርይዋን ታውቃታለች፣ ትወዳታለች፣ እሷን መሆን ግን አያሰኛትም። ይህችኛዋ የሚፈወስ ነገር የለባትም። «ቀስ በቀስ ትለምደዋለች» ሲባል የምቆጣውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ደግሞ የፍርድ መዛባቱ ነው። በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሰውን ማሳመን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ተጥሎ፣ የገጸ ባሕርይዋ ችሎታ ተደምሮበት የሚወሰን ጉዳይ ነው፤ መካከለኛ ክብደት ላለው ነገር 15 ማምጣት ይበቃል። ቋጥኝ የሚያነሳ ጀግና የሚጫወተውን ሰው «እስቲ ይህን ጠረጴዛ አንሳ» አንለውም። አንደበተ ርቱዕ ገጸ ባሕርይ የያዘውን ግን ራሱ ርቱዕ እንዲሆን እንጠብቅበታለን። ላማረ ንግግር ዳይሱ ሁለት ጊዜ ተጥሎ ከፍተኛው እንዲያዝ የሚፈቅዱ መሪዎች አሉ። እኔም እፈቅዳለሁ፤ የምፈቅደው ግን ለቃላቱ ውበት ሳይሆን ለነገሩ ክብደት ነው። አለቃው ወንድሙን ይወዳል። ውለታው በሚያምር ድምፅ ቢነሳም በደረቁ ቢነገርም ያው ውለታ ነው።

ታዲያ ተጫዋቿ «አሳምነዋለሁ» ብላ ብቻ ብታቆምስ? ያ አይበቃኝም። የጎደለው ግን ውሳኔ እንጂ ድምፅ አይደለም፤ ስለዚህ እጠይቃለሁ። በምን ታሳምኚዋለሽ? ትለምኚዋለሽ ወይስ ታስፈራሪዋለሽ? ከምታውቂው ውስጥ የምትደብቂው አለ? መልሱ እስኪመጣም እጠብቃለሁ፤ በመካከል ዘሎ ሊመልስላት የሚሞክር ካለ አስቆመዋለሁ። ካስፈለጋት ወደ ሌላው ተጫዋች ዞሬ እመለስባታለሁ። አንዳንዴ የአለቃውንም መልስ እኔው በትረካ እሰጣለሁ፤ «ያጉረመርማል፣ ዘወር ብሎ ግራ ቀኙን ያያል፣ ከዚያ ጉቦ እንደሚፈልግ በዘወርዋራ ይነግርሻል» እላለሁ። መሪው ራሱ ሲተርክ ካዩ፣ ትረካ የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ ማንም ሳያስረዳቸው ይገባቸዋል።

ተጫዋቿ በአጭሩ የተናገረችውን ተቀብለው በተዋበ ንግግር የሚደግሙላት መሪዎች አሉ። ለእርዳታ ብለው ነው፤ እኔን ግን አያስደስተኝም። የገጸ ባሕርይዋ አፍ የእሷ ነው። ሳላስፈቅድ ቃል ካስገባሁበት ቀማኋት ማለት ነው።

በትረካ የሚጫወት ሰው ከስሜቱ ይርቃል የሚል ክርክርም ይገጥመኛል። በአንድ ዘመቻ (በተከታታይ በተጫወትነው አንድ ረጅም ታሪክ) ገጸ ባሕርይዋ ሐኪም የሆነች ተጫዋች ነበረችን። አንድ አዛውንት ንጉሥ ልጁ የት እንደደረሰ ጠየቃት። ልጁን የገደሉት ደግሞ የእሷው ጓዶች ነበሩ። ተጫዋቿ ድምፅዋን አልለወጠችም። «መሞቱን እነግረዋለሁ። ማን እንደገደለው ግን አልነግረውም። ስነግረው ፊቱን አላየውም፤ የእጁን ቁስል እያሰርኩ ነው» አለች። ትንሽ ቆይታም «ፋሻውን ከሚገባው በላይ አጠብቀዋለሁ» ብላ ጨመረች። እኔ በመራኋቸው ጨዋታዎች ውስጥ ይህን የሚያክል ትዕይንት አላስታውስም። በሐኪሟ አፍ ብትናገር ኖሮ የምንሰማው «ልጅዎ ሞቷል» የሚለውን ብቻ ነበር። ፋሻው የመጣው ተራኪ ስለሆነች ነው።

እንዲህ ያለች ተጫዋች አንድ ቀን ሳታስበው በገጸ ባሕርይዋ አፍ አንድ መስመር ትናገር ይሆናል። ያን ጊዜ ማጨብጨብ አያስፈልግም። «አየሽ፣ ትችያለሽ!» ማለት እስካሁን የተጫወተችው ጨዋታ እንዳልነበረ መንገር ነው። ከዚያም በኋላ ሁሉም ሁለተኛውን መስመር እንደሚጠብቅባት እያወቀች ትቀመጣለች። እኔ እንደ ማንኛውም መልስ ተቀብዬው አልፋለሁ።

በእርግጥ መተወን የሚወዱትም የሚገባቸው ነገር አለ። በቁጣ ተናግሮ «ትበሳጫለች» የሚል መልስ ብቻ ሲመጣለት ቅር የሚለው ሰው ቅሬታው እውነት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ የልቡ እስኪደርስ የሚከራከረው ለፍላፊ ነጋዴ አዘጋጅቼ እኔው እጫወትለታለሁ። ከሚተርኩት ጋር ሲሆን ደግሞ እንዲጠይቅ እነግረዋለሁ፦ «ይህን ስትሰማ ፊቷ ምን ይመስላል?» ብዙውን ጊዜ ይሠራል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ሰሞኑን የምሞክረው ሌላው ነገር ደብዳቤ ነው። በሁለት ጨዋታዎች መካከል ገጸ ባሕርይው ለሚወደው ሰው እንዲጽፍ ተጫዋቾቼን ጠየቅኋቸው፤ የማይፈልግ ይተወው ብዬ። ረጅሙን ደብዳቤ የላከልኝ በጠረጴዛው ላይ «እነግራቸዋለሁ፣ እሄዳለሁ» ከማለት በቀር በገጸ ባሕርይው አንደበት ተናግሮ የማያውቀው ተጫዋች ነው። ለእናቱ ነው የጻፈው፤ ሐሰት የሞላበት፣ «ደህና ነኝ፣ እየበላሁ ነው» የሚል ደብዳቤ። ለሌሎቹ ጮክ ብለን እናንብበው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «አንብቡት፤ እኔ ከክፍሉ ስወጣ ግን ይሁን» አለኝ። እሺ አልኩት።