የተረፈው 700 አክሲዮን

የምሠራበት አነስተኛ የሶፍትዌር ቢሮ የሚገኘው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሲሆን፣ ከደንበኞቻችን አንዱ ውጭ አገር ያለ የአክሲዮን ደላላ ድርጅት ነው። የኒው ዮርክ ገበያ በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል የሚከፈተው በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ በመሆኑ፣ የቀትሩ ሙቀት በርዶ ሰው ወደ ጎዳና ሲወጣ እኛ ወደ ሥራ እንገባለን። ሰዓቱ ለድሬ ሰው ታስቦ የተመደበ ይመስላል።

አንድ ምሽት ከድርጅቱ አቤቱታ ደረሰን። ከገዢዎቹ አንዱ 1,000 አክሲዮን፣ የአንዱ ዋጋ ከ20 ዶላር ሳይበልጥ እንዲገዛለት አዝዞ 1,700 ተገዝቶለታል። ድርጅቱ ጥፋቱን የጣለው ትእዛዙን በተቀበለው የኤሌክትሮኒክ ግብይት መረብ ላይ ስለነበር፣ እኛም የተጠየቅነው የመልእክት መዝገቡን አይተን ይህንኑ እንድናረጋግጥ ነው።

መዝገቡን ስናነብ መረቡ ያጠፋው ነገር አላገኘንም። ትእዛዙ ሲደርስ በዚያ ዋጋ ለሽያጭ የቀረበው 300 አክሲዮን ብቻ ስለነበር፣ መረቡ እሱን አገበያይቶ የቀረውን 700 በ20 ዶላር ተራ አስይዞታል። ለድርጅቱም የገበያ ኮምፒውተሮች መልእክት በሚለዋወጡበት ደንብ፣ በፊክስ ፕሮቶኮል፣ የአፈጻጸም ሪፖርት ልኳል። በዚህ ሪፖርት የትእዛዙን ሁኔታ የሚናገረው መስክ 39 ነው፤ 1 ሲሆን በከፊል መፈጸሙን፣ 2 ሲሆን ሙሉ በሙሉ መፈጸሙን ያሳያል። መስክ 14 እስካሁን የተገዛውን፣ መስክ 151 ደግሞ ገና የሚጠበቀውን ይይዛል። የመጣው ሪፖርት ሁኔታው 1፣ የተገዛው 300፣ የሚጠበቀው 700 የሚል፣ እንከን የሌለው ነበር። የድርጅቱ ፕሮግራም ግን የመጀመሪያው ትእዛዝ እንዳበቃ ቆጥሮ የ700 አዲስ ትእዛዝ ላከ። ቆየት ብሎ 2,000 አክሲዮን የያዘ ሻጭ በ20 ዶላር ሲመጣ፣ በአንድ ዋጋ ላይ ቅድሚያ የሚያገኘው ቀድሞ የመጣ ስለሆነ፣ በፊት ተራ የያዘው 700 መጀመሪያ፣ ከኋላው የተሰለፈው 700 ቀጥሎ ተገዙ።

ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው እንዲህ ማሰቡ ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ትእዛዝ በስልክ ሲተላለፍ ደላላው «300 አግኝቻለሁ፣ የቀረውን ምን ላድርግ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እንደተስፋፋው አይላንድ የተባለ የአሜሪካ መረብ ያለ የኤሌክትሮኒክ መረብ ግን ማንንም አይጠይቅም። ትእዛዙ «አሁን የተገኘውን ብቻ ግዛ፣ ሌላውን ሰርዝ» ወይም «ሙሉው አሁኑኑ ካልተገኘ ተወው» የሚል መመሪያ ካልያዘ፣ ቀሪው እስኪገዛ፣ እስኪሰረዝ ወይም የጊዜ ገደቡ እስኪያልፍ ድረስ በቦታው ይቆያል።

አንድ ወጣት ባልደረባችን «አቦ፣ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ አሮጌውን ይሰርዝ፣ ከዚያ አዲሱን ይላክ» አለ። በሙከራ ሰርቨር ላይ ሞከርነው። የስረዛው ጥያቄ መንገድ ላይ ሳለ 200 አክሲዮን ስለተገዛ፣ የተሰረዘው 500 ብቻ ሆነ፤ ፕሮግራሙ የስረዛውን ማረጋገጫ ሳይጠብቅ 700 ቢልክ ኖሮ 200 ትርፍ ይገዛ ነበር። ቢጠብቅም እንኳ አዲሱ ትእዛዝ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል። የቡድናችን ኃላፊ «ለምን ትነካዋለህ? ተራውን ይዟል እኮ!» አለችው። ስለዚህ ያዘጋጀነው ማሻሻያ ምንም የሚጨምር ሳይሆን፣ ሁኔታው 1 ሲሆን አዲስ ትእዛዝ የሚልከውን ክፍል የሚያስወግድ ሆነ።

ኮዱን ከከፈትን አይቀር ትእዛዝ የሚለውጠውን ክፍልም አየን፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ብዛትን መቀነስ ብዙውን ጊዜ ተራን አያሳጣም፤ ዋጋን መለወጥ ወይም ብዛትን መጨመር ግን ያሳጣል። በፊክስ ደንብ ደግሞ በለውጥ መልእክቱ ላይ የሚጻፈው ብዛት ቀድሞ የተገዛውን ጨምሮ ጠቅላላው ነው። 300 ከተገዛለት በኋላ 200 ብቻ እንዲጨመርለት የሚፈልግ ሰው መላክ ያለበት 500 ነው፤ የድርጅቱ ፕሮግራም ግን 200 ይልክ ነበር። ይህ ከተገዛው 300 ያነሰ ስለሆነ ለመግዛት የሚቀር ምንም አይኖርም። ይህንንም ከመዝገቡ ቅጂ ጋር አያይዘን፣ ገበያው ሳይዘጋ ላክንላቸው።