ኤል ሞንቴ ደርሼ ስመለስ

ሎስ አንጀለስ የሄድኩት ለሰርግ ነበር። ሰርጉ ቅዳሜ አለቀ፣ በረራዬ ማክሰኞ ነው። መሀል ያሉትን ቀናት ያረፍኩት የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። ቤቷ ፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ፣ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ በሰየመው ሰፈር ነው። እታለም ነው የምላት፤ በ15 ዓመት ትበልጠኛለች።

እሁድ ማታ ቡና ስትቀዳ ክንዷን አየሁት። ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ድረስ ቆዳዋ ተጨማዶ ያብለጨልጫል። የዘይት ቃጠሎ ነው። አሜሪካ እንደገባች አራት ዓመት በአንድ ምግብ ቤት ኩሽና ሠርታለች። ክፍያዋ በካሽ፣ አርብ አርብ፣ በፖስታ ነበር። ፖስታው ላይ በእርሳስ የተጻፈው ብሩ ብቻ ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሠራች አይልም። ዘይቱ የፈሰሰባት ቀን አሠሪዋ ሆስፒታል በር ላይ አወረዳትና «ቤቴ ነው የተቃጠልኩት በዪ» አላት። እሷም እንደዚያው አለች።

«ለምን እታለም?» አልኳት።

«መንግሥት ከመጣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚመጣው ብለን እናስብ ነበር። የደሞዙም፣ የታክሱም፣ የኢሚግሬሽኑም ለእኛ አንድ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ወረቀቴ አላለቀም።»

ሌሊቱን ሙሉ ይቺ ነገር ከጆሮዬ አልጠፋ አለች። ያስታወሰችኝን ቦታ ልየው ብዬ ሰኞ ጠዋት መኪናዋን ተውሼ በ10 ቁጥር ሃይዌይ ወደ ምሥራቅ ነዳሁ። ከመሀል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ኤል ሞንቴ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ሳንታ አኒታ ጎዳና ላይ አቆምኩ። ጸጥ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ነው። አሁንም ሰው ስለሚኖርበት ከእግረኛ መንገዱ አላለፍኩም።

ኦገስት 2 ቀን 1995 ንጋት ላይ የካሊፎርኒያ የሠራተኛ ጉዳይ መርማሪዎች ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር ሆነው እዚህ ጎዳና ላይ አንድ የአፓርታማ ግቢ ሰብረው ገቡ። ውስጥ 72 የታይላንድ ሰዎች አገኙ፣ አብዛኞቹ ሴቶች። ግቢው በሽቦ ታጥሯል፣ በሩ ላይ ጠባቂ አለ። የሚተኙትም ልብስ የሚሰፉትም እዚያው ነበር። እስከ 7 ዓመት ድረስ ደጅ ሳይወጡ የቆዩ ነበሩባቸው። የሰፉት ልብስ አገሬው በሚያውቃቸው ትልልቅ መደብሮች ይሸጥ ነበር።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። ነጻ ወጡ ተባለ፤ ወዲያው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ወስዶ አሰራቸው። የእስረኛ ልብስ አለበሳቸው። ጠበቆችና የማኅበረሰብ ድርጅቶች ተሟግተው ያስፈቷቸው ከሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። እታለም የፈራችው ይሄንን ነው። ፍርሃቷ ከመሬት የተነሳ አልነበረም።

ከጠበቆቹ አንዷ ጁሊ ሱ ነበረች፤ ያኔ 26 ዓመቷ ነው። ጠበቆቹ ያሰፏቸውን ኩባንያዎችና መደብሮቹን ፍርድ ቤት ከሰው ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፈሉ። ሱ እ.ኤ.አ. በ2011 የካሊፎርኒያ የሠራተኛ ኮሚሽነር፣ ማለትም የደሞዝ ሕግን የሚያስከብረው ቢሮ ኃላፊ ሆነች። በ2017 ደግሞ ሠራተኞቿ የኢሚግሬሽን መኮንኖችን የዳኛ ማዘዣ ካልያዙ ቢሮ እንዳያስገቡ መመሪያ አወጣች። መመሪያው ከኤል ሞንቴ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስመለስ ልብስ በሚሰፋበትና በሚሸጥበት የሎስ አንጀለስ ሰፈር፣ በፋሽን ዲስትሪክት አለፍኩ። ሳንቲ አሊ በሚባለው ቀጭን መንገድ ግራና ቀኝ ልብስ ተደርድሯል። ከ2022 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ለልብስ ሰፊ በቁራጭ ሂሳብ፣ ማለትም በሰፋው ልብስ ብዛት መክፈል በሕግ ተከልክሏል፤ የግድ በሰዓት ነው። ሕጉ ጥሩ ነው። ግን ሕግ ብቻውን የኩሽና በር አይከፍትም።

በሩን የሚከፍተው ቅንጅት ነው። ካሊፎርኒያ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች አብረው የሚፈትሹበት የጋራ ግብረ ኃይል አላት። ሬስቶራንት፣ መኪና ማጠቢያ፣ ጋራዥ፣ ግንባታ ቦታ፣ እርሻ ሳይነግሩ ይገባሉ። አንዱ ሠራተኛውን ለብቻው ስለ ሰዓቱና ስለ እረፍቱ ይጠይቃል። አንዱ የማሽኑንና የምድጃውን ደህንነት ያያል። ሌላው የደሞዝ (ፔይሮል) መዝገብ አምጡ ይላል። የሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስ ከሌለ እዚያው ሥራ ያስቆማሉ፣ ሥራ ለፈታው ሠራተኛም አሠሪው እስከ 10 ቀን ይከፍላል። ደሞዝ የሚሰርቅ ሰው ታክሱንም ኢንሹራንሱንም አብሮ ነው የሚሰርቀው። ስለዚህ አንድ ቢሮ ለብቻው ቢመጣ የሚያየው አንዱን ጥግ ብቻ ነው። ኢሚግሬሽን ግን የግብረ ኃይሉ አባል አይደለም። እንዲህም ነው መሆን ያለበት። እሱ ከገባ ማንም አፉን አይከፍትም።

ምሳ የበላሁበት ቤት ባለቤት ስለዚሁ ሳነሳባቸው የሽሮውን ሰሃን እያነሱ «እኔ ኢንሹራንሱንም ታክሱንም ከፍዬ ነው ይቺን የምሸጥልህ። ሁሉን በካሽ ከሚሠራው ጋር በዋጋ እንዴት ልወዳደር?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ማታ ለእታለም ከስልኬ አነበብኩላት። በካሊፎርኒያ ወረቀት ያለውም የሌለውም እኩል ደሞዙን መጠየቅ ይችላል። አሠሪው ኢንሹራንስ ባይኖረው እንኳ ለተጎዳ ሠራተኛ የሚከፍል የግዛቱ ፈንድ አለ። ለመጠየቅ ግን በመሠረቱ አንድ ዓመት ነው ያለው። የእሷ ካለፈ ቆይቷል። ዝም አለች። እጅጌዋን ወደ ታች ሳብ አደረገችው።

የጎረቤት ልጅ ቡና ልትጠጣ መጥታ ነበር። አንድ ካፌ ኩሽና ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነው።

«በዚህ ሳምንት ስንት ሰዓት ሠራሽ?» አለቻት እታለም።

«እኔንጃ፣ አርባ ምናምን።»

እታለም ተነስታ ከመሳቢያው ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ አወጣች። ልጅቷ ጭን ላይ አስቀመጠችላት።

«ዛሬ ስንት ሰዓት ገባሽ?»

«ጠዋት አንድ ተኩል።»

«ጻፊው። የወጣሽበትንም። እረፍት ካልሰጡሽ እሱንም ጻፊ።»

ልጅቷ ደብተሩን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ መጻፍ ጀመረች። እታለም ሁለተኛውን ቡና ልትቀዳ ጀበናውን አነሳች።